መንገደኛውን ከሰፈርተኛው መለየት፦ ከአዲስ አበባ መሀል ሆኖ የበልግ ንስሮችን መቁጠር

መጀመሪያ የቆጠርኩ ቀን ደብተሬ ላይ የሰፈረው «ንስር 212» የሚል ነበር። ከፒያሳ ቁልቁል ካለ ፎቅ ጣሪያ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት አንገቴ እስኪደነዝዝ ቀና ብዬ ውያለሁ። ማታ ቁጥሩን ሳየው ደስ አለኝ። በማግስቱ የሕንጻው ጥበቃ ጋሼ ደስታዬን ውኃ ቸለሱበት፦ «አንቺ ልጅ፣ እነዚያ እኮ የሥጋ ቤቱ አሞሮች ናቸው። ጠዋት ከባሕር ዛፉ ይነሣሉ፣ ሲዞሩ ይውላሉ፣ ማታ እዚያው ያድራሉ።» ልክ ነበሩ። አንዱን ጭልፊት ሃያ ጊዜ ሳልቆጥረው አልቀረሁም፤ ንስር ደግሞ ከነጭራሹ አልነበረም።

በሌላ አገር ያለ ቆጣሪ ትልቁ ጭንቀቱ የወፉን ዓይነት መለየት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚያ የሚቀድም ሥራ አለ። ከተማችን ዓመቱን ሙሉ በጭልፊትና በጥንብ አንሳ የተሞላች ስለሆነች፣ የሚያልፈውን መንገደኛ ከሚኖረው ሰፈርተኛ መለየት ካልቻላችሁ የቀረው እውቀት ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚህ በታች ያለውም በአብዛኛው ወደዚያው የሚያመራ ነው።

ማን ያልፋል፣ መቼ ያልፋል

የምንጠብቀው ዋና እንግዳ የስቴፕ ንስር ነው። በሩሲያ፣ በካዛክስታንና በሞንጎሊያ የሣር ሜዳ ይፈለፈላል፤ እዚያ በረዶ ሲጥል እኛ ጋ በጋ ስለሆነ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳል። ሲመጣ ብዙው በየመን በኩል ባብ ኤል መንደብን ያቋርጣል፤ ባሕሩ እዚያ ጋ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ጂቡቲ ላይ የቆጠሩ ሰዎች 246 ሺህ ያህል አዳኝ አእዋፍ መዝግበዋል፤ ከእነዚህ ከ76 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ሲመለስ ግን መንገዱን ይቀይራል። የሳተላይት መከታተያ ተገጥሞላቸው የተከተሏቸው ንስሮች ቀይ ባሕርን በስተቀኝ ትተው በአፍሪካ በኩል ወደ ሰሜን ሽቅብ ሄደው በስዊዝና በሲና ሲሻገሩ ታይተዋል። ባሕርን የሚሸሹበት ምክንያት ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ወፍ ክንፉን እያራገበ ሺህ ኪሎ ሜትር መሄድ አይችልም። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሽቅብ የሚልከውን አየር ተሳፍሮ ይወጣል፣ ከጫፉ ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ሌላ ይሳፈራል። ውኃ ላይ ይህ አየር የለም።

በዚያው መንገድ ባዛርድ የሚባለው መካከለኛ አዳኝ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣው ጥቁር ጭልፊት፣ ሃሪየርና ትንሹ ኬስትረል የሚባሉ ቀጫጭን አዳኞችም ይሄዳሉ። ሽመላም አብሮ ሊታይ ይችላል፤ አዳኝ ባይሆንም ጻፉት።

ጊዜውን ለማወቅ ከፊታችን ያለውን ጣቢያ ማየት ይጠቅማል። ከእኛ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ እስራኤል ውስጥ በቀይ ባሕር ጫፍ በምትገኘው ኤላት፣ የስቴፕ ንስር ብዛቱ የሚደምቀው በእኛ የካቲት ሁለተኛ አጋማሽ ገደማ ነው፤ ባዛርዱ ደግሞ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ። አንድ ንስር በቀን ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ እኛን የሚያልፈን ከዚያ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ቆጠራውን በጥር መጨረሻ ጀምሩ፣ የካቲትን አጥብቃችሁ ያዙ፣ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ግፉ። አዋቂዎቹ ጎጆ ስለሚጠብቃቸው ይቸኩላሉ፤ ወጣቶቹ ዘግይተው ይነሣሉ። በእኛ አቆጣጠር ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 መሆኑ እንዳያሳስታችሁ። ያን ቀን ጠብቆ ባይኖክላር የሚያነሣ ሰው አዋቂዎቹን ንስሮች ሸኝቶ ነው የሚጀምረው።

ከሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 8 ያለው ይበቃል። ከ3 ሰዓት በፊት መሬቱ ስላልሞቀ የሚነሣ የለም። ከ8 ሰዓት በኋላ በበልግ ደመናው ይከብዳል፣ ነጎድጓድም ይመጣል። የነጎድጓድ ድምፅ ከሰማችሁ የጀመራችሁት ሰዓት ባይሞላም ከጣሪያ ውረዱ፤ በብረት ሮቶና በአንቴና መሀል ቆሞ መብረቅ መጠበቅ ጀግንነት አይደለም።

ጣሪያውን መምረጥ

ከተማው ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ ደቡብ ያዘቀዝቃል። ወፎቹ የሚመጡት ከስምጥ ሸለቆው፣ ማለትም ከደቡብ ስለሆነ፣ ጥሩ ጣሪያ ማለት ደቡቡ የተከፈተለት ነው። የፒያሳ፣ የሰባ ደረጃና የራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ለዚህ ይመቻሉ፤ ከፊታችሁ ያለው ሁሉ ከእናንተ ዝቅ ያለ ነውና። መስቀል አደባባይና ስታዲየም አካባቢ ግን ጉድጓድ ውስጥ እንደመቆም ነው፤ አዳዲሶቹ ፎቆች ሰማዩን ቆራርጠውታል። አራት ወይም አምስት ፎቅ ይበቃል። ከዚያ በላይ መውጣት የሚጨምረው ነፋስ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ እጅን ያንቀጠቅጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ልንገራችሁ። መሀል አዲስ አበባ ላይ ባይኖክላር ይዞ ጣሪያ ላይ መቆም ጥያቄ ያስነሣል። ቤተ መንግሥት፣ ፓርላማ፣ ኤምባሲ፣ የጦር ወይም የፖሊስ ግቢ ከሚታይበት ጣሪያ አትቁጠሩ፤ «ወፍ ነው የማየው» የሚለው መልስ እዚያ አይሠራም፣ አይፈረድባቸውምም። የሕንጻውን አስተዳደር አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ የተፈረመች አንዲት ወረቀት ያዙ፣ መታወቂያ አይለያችሁ። ከሁሉም በላይ ጥበቃዎቹን ወዳጅ አድርጉ። ባይኖክላሩን ስጧቸውና አንድ ጊዜ ይዩበት። የእኔ ጋሼ ዛሬ ከእኔ ቀድመው «መጣ! ከየረር በኩል!» ብለው ይጣራሉ።

አንዴ ጣሪያ ከመረጣችሁ አትቀያይሩ። የዘንድሮን ከአምና ማነጻጸር የሚቻለው ቦታውም ሰዓቱም አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

ሰማዩን መከፋፈል

ባዶ ሰማይ ላይ «እዚያ ጋ!» ማለት ለማንም አይገባም። መጀመሪያ ቀን ወፍ ሳትቆጥሩ አድማሱን በወረቀት ሳሉት። በምዕራብ በኩል ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ ጥርት ባለ ቀን በደቡብ ርቆ ዝቋላ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ከኋላችሁ እንጦጦ አሉ። በመሀሉ ደግሞ ከተማው ራሱ ምልክት ሰጥቶናል፤ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከየትኛውም ጣሪያ አይጠፋም። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጥ ብታደርጉ ጭብጡ ከሰማዩ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ «ከንግድ ባንክ ወደ ግራ ሁለት ጭብጥ፣ ወደ ላይ አንድ ተኩል» ብትሉ አጠገባችሁ ያለው ሰው ወዲያው ያገኘዋል።

ቀጥሎ የማይታይ መስመር አስምሩ። የእኔ መስመር ከወጨጫ ተነሥቶ በራሴ አናት አልፎ ወደ ኮተቤ ይሄዳል። ሕጉ አንድ ነው፦ ይህን መስመር ከደቡብ ወደ ሰሜን ያለፈ ወፍ አንድ ይደመራል፤ ካለፈ በኋላ ወደ ደቡብ ከተመለሰ አንድ ይቀነሳል። መስመሩ ላይ ሳይደርስ ሲዞር የዋለ ንስር፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አይቆጠርም። ይህች ሕግ የመጀመሪያ ቀኔን 212 ወደ ዜሮ ታወርደው ነበር።

ምን ይዞ መውጣት

ባይኖክላር ላይ 8×42 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግራል። 10×42ም ይሆናል፤ ግን በነፋስ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳየውም የሰማይ ስፋት ይጠባል። 20 ጊዜ ያቀርባል እየተባለ የሚሸጠውን ትንሽ መሣሪያ አትግዙ፤ ወፉን ሳታገኙት ያልፋል።

ሰሌን ወይም ቀጭን ፍራሽ ውሰዱ። በጀርባ ተኝቶ መቁጠር የስንፍና ምልክት የሚመስለው አንገቱ ያልታመመ ሰው ብቻ ነው። ለጠዋቱ ብርድ ጋቢ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ሰፊ ባርኔጣና ውኃ ያስፈልጋል። ፀሐይዋ በእኛ ኬክሮስ ሚያዝያ 5 ገደማ በእኩለ ቀን ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ስለምትቆም፣ በመጋቢት መጨረሻ ከ5 እስከ 7 ሰዓት የሰማዩ አናት የማይታይ ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ዝቅተኛውን ሰማይ ብቻ ፈትሹ። ፀሐይን በባይኖክላር መመልከት ዓይን ያጠፋል፤ ወፍ እየተከተሉ ሳይታወቅ ወደ እሷ መግባት ቀላል ስለሆነ ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

ለመቁጠር በእጅ የሚጫን የቁጥር መሣሪያ ካላችሁ ጥሩ ነው። አንዲት የጎረቤት እናት አንድ ቀን አብረውኝ ውለው ባለ 41ዱን መቁጠሪያቸውን አውጥተው አንድ ንስር አንድ ፍሬ እያሉ ቆጠሩልኝ። ከእኔ ደብተር ጋር ልዩነቱ አንድ ነበር፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነበርኩ።

ማን ማን ነው

አዲስ አበቤ ለሁሉም «አሞራ» ይላል። ለቆጠራ አይበቃም፤ ግን አርባ ዓይነትም ማወቅ አያስፈልግም። የሚከተሉትን ለይታችሁ ካወቃችሁ በቂ ነው። ከወቅቱ በፊት አንድ ቀን አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎብኙ። ደርቀው የተቀመጡ ወፎችን ቀርቦ ማየት መጠንን ያስተምራል።

ጭልፊትን ከሁሉ አስቀድማችሁ እወቋት፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው በእሷ ነውና። ጅራቷ እንደ መቀስ ጫፍ ገባ ያለ ነው፣ በበረረች ቁጥር ደግሞ ጅራቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንደ መሪ ታጣምመዋለች። ክንፏ ከመሀሉ ይታጠፋል። ምንቃሯ ቢጫ ከሆነ የእኛው ናት። ከአውሮፓና ከእስያ የመጣው ጥቁር ጭልፊት ምንቃሩ ጥቁር ነው፤ ከጣሪያ ላይ ግን ይህን ማየት ብርቅ ስለሆነ «ጭልፊት፣ ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ።

የስቴፕ ንስር ከጭልፊት ጋር አንድ ሰማይ ላይ ሲታይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ክንፉ ሲዘረጋ ከ165 እስከ 215 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እንደ ሳንቃ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ ጣት የተከፋፈሉ ላባዎች አሉት፣ ጅራቱ ግን አይታጠፍም፣ አይጣመምም። ወጣቱን መለየት ለጀማሪም ይቀላል፤ ከክንፉ ሥር ከብብቱ ተነሥቶ ወደ ጫፉ የሚሄድ ሰፊ ነጭ መስመር አለው። አዋቂው ጠቆር ያለ ሆኖ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ይበልጥ ይጨልማል።

አስቸጋሪው ከዚህ ከእኛው አገር ነዋሪ ከሆነው ቡናማ ንስር መለየቱ ነው። በቅርብ ብታዩት የስቴፕ ንስር የአፉ ቢጫ መሰንጠቂያ እስከ ዓይኑ ጀርባ ይደርሳል፤ የነዋሪው ዓይኑ መሀል ላይ ያበቃል። ይህ ግን ቄራ አካባቢ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆሞ ለተገኘ ንስር ነው የሚሠራው። ሰማይ ላይ ነጩን መስመር ካላያችሁ አትዋሹ፤ «ንስር፣ ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። እንዲያውም «ያልተለየ» የሚል ዓምድ የሌለው የቆጠራ ወረቀት ካየሁ ቁጥሮቹን ሁሉ እጠራጠራለሁ።

ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸው እንደ ንስር ሰፊ ሆኖ ጅራታቸው አጭር፣ ራሳቸው ትንሽ ነው፤ ከሩቅ ሲታዩ ራስ የሌላቸው ይመስላሉ። ከከተማው የማይለየው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ ሰፈርተኛ ስለሆነ ብዛቱን ለብቻው ያዙ። እሱም፣ ነጭ ጀርባውም፣ የሩፔል የሚባለው ትልቁም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ምድብ ውስጥ ናቸው፤ በየቀኑ ማየታችን ብዙ አድርጎ አሳይቶን ነው። (የሩፔል ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ1973 በኮት ዲቩዋር ሰማይ በ11 ሺህ 300 ሜትር ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ተገኝቷል። ከፍ ያለውን ሁሉ አየን ብላችሁ እንዳትመኩ።) ስቴፕ ንስርም ከዚያው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተመዝግቧል።

ሆዷ ነጭ፣ ጅራቷ አጭርና ቀይ ዳማ የሆነችውን ብዙዎች ገዴ ይሏታል። አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ ደረቷን ካሳየቻቸው ገዱ ቀና ብለው ይሄዱ ነበር፣ ጀርባዋን ከሰጠቻቸው ደግሞ መልካም ምልክት አይደለም ይሉ ነበር። እሷ ነዋሪ ናት፤ ገዳችሁን አይታችሁ እለፏት።

አንድ አታላይ አለ። ጅራቱ በጣም አጭር የሆነው ቁራ ክንፉን ዘርግቶ ሲያንዣብብ ጀማሪውን ሁሉ «ንስር!» ያሰኛል። ከሩቅ ጅራት የሌለው ከመሰላችሁና ጥቁር ከሆነ ቆዩ፤ ጥቂት ቆይቶ ይጮሃል፣ ድምፁ ያጋልጠዋል።

መንገደኛው በምን ይታወቃል

ወፉ ላይ ሁለት ደቂቃ ስጡ። ሰፈርተኛ ወደ ታች ያያል፣ ከሌላው ጋር ይጣላል፣ እግሩ ላይ የያዘው ነገር ይኖራል፣ አንድ ሰፈር ላይ ደጋግሞ ይዞራል፣ ደግሞ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። መንገደኛ መሬቱ ምንም አያደርግለትም። እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ከፍታው ሲበቃው ክንፉን ሰብሰብ አድርጎ ሳያራግብ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይንሸራተታል፣ ከኋላው ያለውም በዚያው ሐዲድ ይከተለዋል። ሚኒባስ ጠባቂና ተሳፋሪ ልዩነታቸው በአረማመዳቸው እንደሚታወቀው ማለት ነው።

ሰፈርተኞቹን ግን አትጥሏቸው፤ አየሩን ያነቡላችኋል። ጠዋት ቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት ቀድሞ ሲሞቅ መጀመሪያ የሚነሡት ጭልፊቶች ናቸው። ሃያ ጭልፊት በአንድ ቦታ እየተሽከረከረ ከፍ ካለ እዚያ ሽቅብ የሚሄድ አየር አለ ማለት ነው። ከእነሱ በላይ፣ በጣም በላይ ያለውን ሰማይ በባይኖክላር ፈልጉ፤ ንስሩ እዚያው አየር ላይ ተሳፍሮ ጭልፊቶቹን ታች ጥሎ ሊገኝ ይችላል።

ባዶ ሰማያዊ ሰማይ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ስለሌለ ትልቅ ንስርም ይጠፋል። መጀመሪያ ሩቅ ደመና ላይ ባይኖክላሩን አጥሩ፣ ከዚያ ማስተካከያውን ሳትነኩ ከአድማሱ አንድ ጭብጥ ከፍ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ ጥረጉት፤ ስትመለሱ ደግሞ ሌላ ጭብጥ ጨምሩ። የደመና ጠርዝ ምርጥ ቦታ ነው፤ ጥቁር ነጥብ በነጭ ላይ አይደበቅም። ሰማዩ ሁሉ ጥርት ባለ ቀን ያነሰ ከቆጠራችሁ ወፉ ቀርቶ ሳይሆን ሳታዩት አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ደመናውን መጻፍ ግድ ነው።

ሲሽከረከሩ አትቁጠሩ

የብዙ ጀማሪ ቁጥር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አሥራ አምስት ወፍ በአንድ የአየር ዓምድ ውስጥ ሲሽከረከር መቁጠር ማለት በድስት የሚፈላ ሽሮ ላይ አረፋ መቁጠር ነው። አንዱ ሲጋርድ ሌላው ብቅ ይላል፣ ያው ወፍ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ከላይ ጫፍ ሲደርሱ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ወደ ፊት መንሸራተት ይጀምራሉ፤ ያኔ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰድረዋልና ቁጠሩ። አንድ ምልክት ምረጡ፤ የአንቴና ጫፍ ወይም የሕንጻ ጥግ ይሁን። እሱን ያለፈ ብቻ ይቆጠራል።

ብዛታቸው ከሃምሳ ከበለጠ አሥር ወፍ ቆጥራችሁ ያ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በዓይናችሁ ያዙት፣ ከዚያ በዚያው ስፋት አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያላችሁ ሂዱ። ለዚህ ጥሩ መለማመጃ አለ፤ ገበታ ላይ ምስር በትናችሁ በሦስት ሰከንድ ገምቱና ከዚያ ቆጥሩት። እኔ መጀመሪያ ሁልጊዜ አሳንስ ነበር። ይህን ማወቅ በራሱ ይጠቅማል።

ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ሰማዩን ብቻ ይይ፣ ሌላው ብቻ ይጻፍ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተለዋወጡ። ሁለታችሁም ሰማይ እያያችሁ በየፊናችሁ የቆጠራችሁትን መደመር ግን አንዱን ወፍ ሁለት ማድረግ ነው።

ደብተሩ

በየሰዓቱ አዲስ መስመር ይጀመራል። የእኔ አንድ መስመር ይህን ይመስላል፤ ለምሳሌ ያህል ነው፦

«መጋቢት 2፣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት። ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ቀላል። ደመና ከአሥር ሦስት እጅ። እይታ እስከ ዝቋላ። የስቴፕ ንስር 3 ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወጣት። ንስር ያልተለየ 2 ወደ ሰሜን፣ 1 ወደ ደቡብ ተመላሽ። ባዛርድ 1 ወደ ሰሜን። የተጣራ ንስር 4። ጭልፊት፣ በአንድ ጊዜ የታየ ከፍተኛው 34።»

የመጨረሻዋን ተመልከቱ። ሰፈርተኞች አይደመሩም፤ በአንድ ቅጽበት አብረው የታዩት ከፍተኛው ቁጥር ብቻ ይያዛል። በዚያ ሰዓት ቢያንስ 34 ጭልፊት እንደነበረ ማንም አይክድም፤ 34ን በአምስት ሰዓት ማባዛት ግን ቅዠት ነው።

የእይታ ርቀትን በሜትር ለመገመት አትጨነቁ። «ዝቋላ ይታያል»፣ «የረር ብቻ ይታያል»፣ «ከንግድ ባንክ ወዲያ ጭጋግ» የሚሉት ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ። ነፋሱን ከጓሮ ከሚወጣ የምድጃ ጭስ እዩት። ጾም መሆኑንም ጻፉ። በዐቢይ ጾም ቄራ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋ ቤቱም ይዘጋል፤ የጭልፊቶቹ አዋዋል በዚያ ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። የፋሲካ ዕለት ደግሞ በየጓሮው ስለሚታረድ ሰማዩ በሰፈርተኛ ይሞላል፤ ያን ቀን መንገደኛ ለመቁጠር አትድከሙ፣ ቤታችሁ ዋሉ።

ዜሮንም ጻፉ። ሦስት ሰዓት ተቀምጣችሁ ምንም ካላያችሁ «ምንም» የሚለው ራሱ መረጃ ነው። የሞላባቸውን ቀኖች ብቻ የያዘ ደብተር ንስሩ ሲያልቅ እንኳ አያሳይም።

መረጃውን ለሌሎች ለማካፈል ኢበርድ የሚባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይመዘግባል፣ «ንስር፣ ያልተለየ» ዓይነት ምርጫም አለው። እዚህ ላይ የእኛን ሰው የምታጠምድ አንዲት ነገር አለች። ከደብተር ወደ ስልክ ስትገለብጡ ሰዓቱ ላይ ስድስት ጨምሩ፤ የእኛ 4 ሰዓት የእነሱ 10፡00 ነው። ቀኑንም ቀይሩ፤ መጋቢት 2 የእነሱ ማርች 11 ነው። እኔ አንድ ሙሉ ሳምንት ንስሮቼን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲበሩ አድርጌ መዝግቤ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እንዲህ ያለ ሥራ ለሚወዱ ሰዎች የቆየ ቤት ነው።

ጀርባው ላይ ትንሽ አንቴና ያለው ወይም ክንፉ ላይ ባለቀለም ምልክት የታሰረለት ንስር ካያችሁ ቀለሙንና ጽሑፉን በጥንቃቄ ያዙ፤ ከተቻለ ፎቶ አንሡ። እነዚህ መሣሪያዎች ባለቤቶቻቸውን ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ ለማወቅ እ.ኤ.አ. የ2019ን ጉዳይ አስታውሱ። አንድ የሩሲያ ተመራማሪዎች ንስር በጋውን ኔትወርክ በሌለበት የካዛክስታን ሜዳ አሳልፎ ኢራን ሲገባ የተጠራቀመውን የጽሑፍ መልእክት በሙሉ በሮሚንግ ዋጋ ልኮ ካርዳቸውን ጨረሰው።

አንድ ቅዳሜ እንጦጦ

ጣሪያው ላይ ከለመዳችሁ በኋላ ቆጠራውን ከተራራው ጋር አገናኙት። አንዱ ጓደኛ ጣሪያው ላይ ይቅር፣ ሌላው በጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ይውጣ። እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ጣሪያው ላይ ነጥብ የነበረው ወፍ እዚያ በዓይን ትክክል፣ አንዳንዴም ከእግር በታች ያልፋል። ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ተዳፋቱን መትቶ ሽቅብ ስለሚወጣ ንስሮቹ ሸንተረሩን ይዘው ይሄዳሉ። አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማሙ ጥንብ አንሳም፣ ዕድል ካላችሁ፣ ጅራቱ እንደ ጦር ጫፍ ሾሎ ሊታይ ይችላል። ባሕር ዛፉ እይታ ስለሚጋርድ ደቡቡ የተገለጠ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ።

ከመሀል ፒያሳ እስከ ሸንተረሩ በአየር 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንስር በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢንሸራተት በ8 ደቂቃ ይደርሳል። ንስር መስመሩን ሲያልፍ ጣሪያ ላይ ያለው ጓደኛ ይደውል፦ «ሁለት፣ አንዱ ነጭ መስመር ያለው ወጣት፣ ከቸርቸል ጎዳና በላይ፣ 4 ሰዓት ከ12።» እንጦጦ ያለው ከ4 ሰዓት ከ17 እስከ 4 ሰዓት ከ27 ድረስ ይጠብቅ። ከደረሱ ሁለቱም ደብተር ላይ የደረሱበት ደቂቃ ይጻፍ። ካልደረሱ በምዕራብ ወይም በየካ በኩል ዞረው ሊሆን ይችላል፣ ደግሞም ጣሪያው ላይ ያለው ሰው ጭልፊት አይቶ ሊሆን ይችላል።

ማታ ደብተሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አይገጥሙም። ጣሪያው 9 ብሎ ተራራው 14 ካለ ሁለቱንም ቁጥር እንዳለ ተዉት፤ መሀሉን ወስዳችሁ 11 ወይም 12 ብላችሁ አታስታርቁ።